የማያቃጥል ዳጣ

ሐኪሙ ከዛሬ ጀምሮ የሚያቃጥል ነገር በአፏ እንዳይገባ ሲል እናቴ ሳቀች። አማርኛው አልገባት ይሆናል ብዬ በወላይትኛ ደገምኩላት። ገብቷታል። ነጠላዋን አስተካከለችና፣ ሰውየው ደግ እንደሚመስል፣ ግን ምን እየበላ እንዳደገ ጠይቄ እንድነግራት በጆሮዬ አለችኝ። አልጠየቅኩላትም። የቀልድ ሰዓት አልነበረም።

እሷን ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ካስቀመጥኳት በኋላ ሐኪሙ ዋናውን ነገር ለእኔ ነገረኝ። የባዮሎጂ አስተማሪ መሆኔን ስላወቀ ሳያለሳልስ ነው የነገረኝ። ምግብ ማውረጃ ቧንቧዋ ላይ ያለው ቁስል የሚድን ዓይነት አይደለም፤ መንገዱም እየጠበበ ይሄዳል። ሕክምናው ጊዜ ይሰጣት ይሆናል። ጊዜውን የሚያረዝመው ግን ሰውነቷ ነው፤ ከከሳች ሕክምናውን አትችለውም፣ ከበላች ትችለዋለች። የምትበላው ለስላሳ ይሁን፣ አያቃጥል። ከኦቶና ሆስፒታል ወደ ቤት በባጃጅ ስንመለስ እሷ መንገድ ላይ የምታውቃቸውን ሰዎች እየቆጠረች ትነግረኛለች፤ እኔ አንድ ነገር ብቻ በልቤ እደጋግማለሁ። መብላት አለባት።

ወላይታ ውስጥ ላላደገ ሰው ይህ ቀላል ትእዛዝ ሊመስለው ይችላል። በርበሬ መተው ነው፤ ስንቱ ይተዋል። እናቴ ግን ቢጠና አካባቢ ባለው መንደራችን የምትታወቀው በዳጣዋ ነበር። ዳጣ እርጥብ በርበሬ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከኮረሪማና ከጤናዳም ጋር በድንጋይ ወፍጮ እየተፈጨ የሚዘጋጅ ማባያ ነው፤ ሥጋውም ቆጮውም ጎደሬውም እሱን እያስነኩ ነው የሚበላው። ሠርግ ሲኖር በሬ ታርዶ፣ ሥጋ ተቆራርጦ፣ እንግዳው ቦታውን ይዞ እሷ እስክትመጣ ይጠበቃል። ትመጣና ሌሎቹ ሴቶች የፈጩትን በትንሿ ጣቷ ጫፍ ነክታ ትቀምሳለች። ጥሩ ከሆነ ጥሩ ነው ትላለች። ክፉ ቃል አይወጣትም፤ ዝም ካለች ግን የፈጨችው ሴት ምንም ሳትባል ወፍጮዋ ላይ ትመለሳለች። እሷ ሳትቀምሰው ማንም ጣቱን አይነክርም። በቤታችንም ሕጉ ያው ነበር። አባቴ እንኳ በሕይወት ሳለ ቆጮውን ይዞ ጣቷን ይጠብቅ ነበር።

ያንን እጅ እኔ አልወረስኩም። ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ ከዚያ ሌላ ትምህርት ቤት፤ ከዚያ ሶዶ ላይ አስተማሪ ሆንኩና ቀረሁ። ወፍጮው ጋ ጠርታኝም አታውቅ። ደብተር የሚይዝ እጅ በርበሬ ነክቶ ዓይን ያሻል ትል ነበር። ሳላገባ የቀረሁ የመጨረሻ ልጇ ስለሆንኩ፣ ስትታመም ወንድሞቼ ሳይማከሩ ሁሉም ወደ እኔ ቤት ትሂድ አሉ። እኔም ከእነሱ ቀድሜ አልጋዋን አንጥፌ ነበር።

ከዚያን ቀን በኋላ ምግብ በቤታችን ትግል ሆነ። ቡላ በወተት አገነፋለሁ። ጎደሬ ቀቅዬ፣ ደፍጥጬ፣ በቅቤ አለስልሼ አቀርባለሁ። ሁለት ማንኪያ ትወስድና እግዚአብሔርን አመስግና ሳህኑን በሁለት ጣት ወደ እኔ ትገፋዋለች። ጠገብኩ ትላለች። አትቆጣም፣ አታማርርም፤ ብታማርር ይሻለኝ ነበር። አንድ ቀን የጸሎት ቡድኗ እህት ልትጠይቃት መጥታ፣ እኔ ጓዳ ሆኜ የማልሰማ መስሏት፣ ልጄ ጡት እንደሚጥል ሕፃን እያበላችኝ ነው ስትላት ሰማሁ። ሁለቱም ሳቁ። እኔ ማንኪያውን ይዤ እዚያው ቆምኩ። የእናቴ ቀሚስ ትከሻዋ ላይ መንሸራተት ጀምሮ ነበር።

እኔም ክፉ ሆንኩ። የጸሎት እህቶቿ ሲመጡ ዘንቢላቸውን በር ላይ እያየሁ ነው የማስገባቸው፤ እንደ ጉምሩክ ሠራተኛ። አንዷ በጎመን መሃል ሸሽጋ ያመጣችውን ዳጣ አግኝቼ ዓይኗ እያየ ጓሮ ወስጄ ደፋሁት። በእኔ ላይ ቅር መሰኘቷ እስከ ዛሬ አልበረደላትም፤ ስንገናኝ ጉንጯን እንጂ ልቧን አትሰጠኝም።

ያን ጊዜ ከአጥራችን ማዶ አንድ የግብርና መምህር ተከራይቶ ይኖር ነበር። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ነው፤ ከወላይትኛ የሚያውቀው ሰላምታ ብቻ ነው፤ ግን በዚያችው ሰላምታ እናቴን በየማለዳው በአጥሩ ላይ ይጠይቃት ነበር። መክሳቷን አይቶ ምን ሆነው ነው አለኝ። ነገርኩት። በማግስቱ በፈተና ወረቀት የተጠቀለለ ጥቂት ዘር ይዞልኝ መጣ። የማያቃጥል በርበሬ ነው አለኝ። ገበያ ላይ የፈረንጅ ቃሪያ የሚባለው ክቡ ዓይነት አይደለም፤ ረዥም ነው፣ ጫፉ ሹል ነው፣ ሲበስል እንደኛው በርበሬ ይቀላል፣ ሽታውም አለው። የሌለው ማቃጠሉ ብቻ ነው። ለሥልጠና ሄዶ ከነበረበት ቦታ ያመጣው ነው፤ ዘሩን ለከርሞ ማስቀመጥ ካሰብሽ ከሌላ በርበሬ አርቀሽ ትከዪው፣ አበባው ይዳቀላል አለኝ።

ስለ አበባ መዳቀል ለእኔ ነው የምትነግረኝ አልኩት። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ አበባ ስስል፣ ወንዴውንና ሴቴውን በቀስት ሳገናኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሳቀና ይቅርታ ጠየቀኝ። ይህን የምጽፈው እሱን ነፃ ለማውጣት ነው። ነግሮኛል።

የካቲት ላይ ግማሹ በተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን ውስጥ አፈር፣ የበሰበሰ ፍግና ትንሽ አመድ ቀላቅዬ ዘራሁት። እናቴ በረንዳው ላይ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። ዘሩን በጣቴ ወደ ውስጥ ስገፋ በጣም አጠለቅሽው አለች። አፈር ጫር አድርጌ አወጣሁት። በደረቅ የእንሰት ቅጠል ሸፍኚው አለች፤ ሸፈንኩት። ሁለት ሳምንት ሊሞላው ሲል ጎንበስ ያለ አንገት የመሰለ ነገር ብቅ ብቅ አለ፤ ቆጠርኳቸው፤ አሥራ ዘጠኝ ነበሩ። ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት አያቸዋለሁ፣ ስመለስም ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ አያቸዋለሁ። ተማሪዎቼ የፈተና ውጤት ሲጠብቁ ያላዘንኩላቸውን ያህል ያን ጊዜ አዘንኩላቸው።

ዝናቡ ሲይዝ፣ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነቅሎ መትከሉ መጣ። ግቢዬ ጠባብ ነው። ጓሮውን እንሰቱ ያጠላበታል፤ ፀሐይ የሚያገኘው ከማድ ቤቱ በር ፊት ለፊት ያለችው ቁራጭ መሬት ብቻ ናት። እዚያ ደግሞ እናቴ እንደመጣች ሰሞን ከቢጠና ባመጣችው ዘር የተከለቻቸው አምስት የበርበሬ እግሮች ነበሩ፤ እውነተኛው የዳጣ በርበሬ፣ ሲነኩት ጣት የሚያቃጥለው። ልነቅላቸው አስቤ ፊቷን አየሁ። ተውኳቸው። የራሴን ከእነሱ ሁለት እርምጃ ያህል አርቄ ተከልኩ፤ የመጨረሻዋ ግን ቦታ አጥታ ከበሩ አጠገብ፣ ከእናቴ በርበሬዎች ጋር ትከሻ ለትከሻ ገባች። ደግሞም የዚያን ዓመት ሐሳቤ ዘር አልነበረም። ሐሳቤ መስከረም ላይ እናቴ ትኖር ይሆን ወይ የሚለው ነበር።

ሦስቱን ትል ከሥራቸው ቆረጣቸው። እናቴ ዱላዋን ተደግፋ ወጥታ የቀሩትን እግር በእግር አመድ አስከበበችኝ። የዳሞታ ተራራ ደመና ለብሶ ሳምንት ሙሉ ሳይገለጥ ሲቀር ቅጠሉ ቢጫ ይሆንብኛል ብዬ ተጨነቅኩ፤ እሷ ግን በርበሬ ብርድ እንጂ ደመና አይገድለውም አለችኝ። አበቡ። አፈሩ። ሐምሌ ላይ እንደ ጣቴ የረዘመ አረንጓዴ ፍሬ ተንጠለጠለ። ነሐሴ ሲያልቅ የመጀመሪያዎቹ ቀሉ።

ለእሷ እንዲሆን አድርጌ ለማብሰል መላ መፍጠር ነበረብኝ። ከሰል ላይ ጠበስኳቸው። ቆዳቸው ጠቁሮ ሲፈነዳ ሳህን ደፍቼባቸው ትንሽ አቆየኋቸውና ላጥኳቸው፤ ልጣጩ ጉሮሮዋ ላይ እንዳይለጠፍ ነው። ዘሩን ጠርጌ አወጣሁ። ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ጥሬውን ያቃጥላታል ብዬ በቅቤ አበሰልኳቸው። ኮረሪማውን አነስ፣ ጤናዳሙን በዛ አደረግኩ። ከዚያ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እሷ እያየችኝ ወፍጮው ላይ ተንበረከክኩ። ዳጣ በእሳት አያልፍም አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ይሄን በርበሬ ማን ገደለው ብላ ጠየቀችኝ። መጁን ገፋሁ፣ መለስኩ። እጄ አላቃጠለኝም፣ ዓይኔ አላለቀሰም፤ ወፍጮው ላይ የተኛው ነገር ግን ደማቅ ቀይ ነበር። መልኩ የእሷ ዳጣ ነው።

በትንሿ ጣቷ ጫፍ ነካችው። ቀመሰችው። ዝም አለች።

ያ ዝምታ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ወፍጮው ጋ ልመለስ ስነሳ ጎደሬውን አቅርቢው አለችኝ። አቀረብኩ። ትንሽ ቆረሰች፣ አስነካች፣ ዋጠች። እንደገና ቆረሰች። ሳህኑ ባዶ እስኪሆን በላች፤ ከዚያ ጥሩ ነው አለችኝ። ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ። ደስ አለኝ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መስከረም ላይ ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ወንድሞቼ ከነልጆቻቸው መጡ። እነሱ የእነሱን ዳጣ፣ እሷ የእሷን ይዛ አብራ ማዕድ ቀረበች፤ ከሩቅ ለሚያይ ልዩነት የለውም። ቀጠሮዋ ደርሶ ኦቶና ስንሄድ ሚዛን ላይ ወጣችና ጨምራ ተገኘች። ሐኪሙ ምን እያበላኋት እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት፤ ለሌሎች በሽተኞቹ ለመንገር ማስታወሻው ላይ ጻፈው። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ስለዚያ በርበሬ ያላወራሁት ሰው አልነበረም። ሊሰለቹኝ እንደሆነ ገብቶኝም አላቆምኩም።

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። የከርሞውን ዘር አሁን ያዢ አለችኝ። በዱላዋ ጫፍ ከበሩ አጠገብ ያለችውን እግር አሳየችኝ። ዘር የሚያዘው ከደጃፍ ነው አለች፤ ከደጃፍ ያለው አመዱንም ፍጉንም ያገኛል፣ ዓይንም አይለየውም። ደግሞም እውነቷን ነበር፤ ያቺ እግር ከሁሉም የለመለመች፣ ፍሬዋም ከሁሉም የረዘመ ነበር። ከታመመች ወዲህ ይህን አድርጊ ብላ አጥብቃ ስታዘኝ የመጀመሪያዋ ነበር። ስለ ከርሞ ስታወራም የመጀመሪያዋ ነበር። ከርሞ ስትል በሰማሁ ጊዜ ሌላ ምንም አልሰማሁም። ሰሌዳዬም፣ ቀስቴም፣ ጎረቤቴም ትዝ አላሉኝም። ሁለቱን ትልልቅ ፍሬዎች ቆረጥኩ፣ ዘሩን ጥላ ውስጥ ወረቀት ላይ አደረቅኩ፣ እንዳሳየችኝ በእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ ማድ ቤት ጣሪያው ሥር ሰቀልኩት።

ዓመቱ እንደ መጀመሪያው ቀላል አልነበረም። የግብርና መምህሩ ተዛውሮ ሄደ። እናቴን የዋጠችውን የሚያስመልሳት ቀን በዛ፤ ፈሳሽ ብቻ የሚወርድላት ሳምንት መጣ፣ ሄደ። ግን በየካቲት ዘሩን ዘራሁ፤ በሚያዝያ ሠላሳ የሚሆኑ እግሮች ተከልኩ። ቅጠላቸው ያው፣ አበባቸው ያው፣ ፍሬያቸው ያው ነበር። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሲቀሉ ከተለያየ እግር አንድ ሳህን ሙሉ ለቀምኩ።

የዚያን ቀን እንደ ሁልጊዜው ከሰሉን ግቢ አውጥቼ ጠበስኩ። ዓይኔን ቆጠቆጠኝ። የከሰሉ ጭስ መሰለኝ። ስልጥ ጣቴን ለበለበኝ። ትኩሱን ስለነካሁ ነው ብዬ እጄን ውሃ ውስጥ ነከርኩና ቀጠልኩ። እንዴት አላወቅሽም የሚለኝ ሰው ቢኖር መልሴ ይህ ነው፦ የማያቃጥል ነው ብዬ ስለማምን አያቃጥልም ነበር። አልቀመስኩትም። በእኛ ቤት ከእናቴ ጣት በፊት ዳጣ ውስጥ የሚገባ ጣት የለም፤ ታማም ቢሆን ያንን ክብሯን አልነካሁባትም።

ጣቷን ነክራ ቀመሰች። ከዚያ ያለ ወትሮዋ ቶሎ ቶሎ መብላት ጀመረች። ጎደሬውን በደንብ እየነከረች፣ እየዋጠች፣ አንዱ ሳይወርድ ሌላውን እያዘጋጀች። እንባዋ ወረደ። በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገችና ቀጠለች። እኔ ሞኟ፣ አባቴን አስታውሳ ይሆናል ብዬ ልቤ ተነካ። ጨምሪልኝ አለች። ልጨምርላት ጎንበስ ስል ጣቴ ላይ የቀረውን ላስኩት።

እሳት ነበር። ሳህኑን ልነጥቃት ዘለልኩ። በሁለት እጇ ያዘችው፤ ያን ያህል ጉልበት የቀራት አይመስለኝም ነበር።

«ተይኝ» አለችኝ። «ዓምና ላንቺ ብዬ በላሁ። ዘንድሮ ለራሴ ልብላ።»

ይሄ እንዴት ሆነ፣ ዘሩን እኮ ከዚያው ነው የያዝኩት እያልኩ እቀባጥራለሁ። እሷ ረጋ ብላ ነገረችኝ። ከደጃፏ እግር ያዢ ያለችኝ አውቃ ነው። የበርበሬ አበባ ከጎረቤቱ እንደሚጋባ፣ ልጁም ኃይለኛውን እንደሚመስል ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ እናቷ ለዘብ የሚለውንና የሚያቃጥለውን በሁለት ማሳ ታስተክላት ነበር። ጓሮ ወጥታ ከራሷ በርበሬ ቀጥፋ መብላት ትችል እንደነበረም ነገረችኝ፤ እኔ ትምህርት ቤት ስሆን ማን ያያታል።

«ሰርቄ መብላት አልፈለግኩም» አለች። «ከእጅሽ እንዲመጣልኝ ነው የጠበቅኩት።»

አንድ ዓመት። ያን ያህል ጊዜ እንዳላት ሐኪሙ እንኳ አፉን ሞልቶ አልነገረኝም። እሷ ግን ሳታስነቃ ዘር አስይዛ፣ ዝናብ አሳልፋ፣ ችግኝ አስተክላ፣ በየቀኑ የእኔን ቀይ ነገር ጥሩ ነው እያለች ጠበቀች።

ያን ዕለት የበላችው ዋጋ አስከፈላት። ሦስት ቀን ውሃ መዋጥ አቃታት። ምራቋ ውስጥ ደም አየሁ። አራተኛው ቀን እሑድ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን ቀርቼ አጠገቧ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ሲወስዳት ወደ ግቢ ወጣሁ። ፈርቼ ነበር፤ ግን ፍርሃት ብቻ ነበር ብል እዋሻለሁ። ተናድጄም ነበር። ደብተር ይዛ የማታውቅ እናቴ በገዛ ትምህርቴ አታለለችኝ፤ አሥራ አምስት ዓመት ያስተማርኩትን እሷ በዱላ ጫፍ ሠራችብኝ። ደግሞ ከሁሉም የባሰው፣ ጓዳ ገብቼ በደስታ ያለቀስኩበትን ያን ቀን ወሰደችብኝ።

ከእያንዳንዱ እግር አንድ ፍሬ እየቀጠፍኩ ጫፉን ነከስኩ። ከጣፈጠኝ አልፈዋለሁ። ካቃጠለኝ ተፍቼ ከነሥሩ እነቅለዋለሁ። ስምንተኛው ላይ ስደርስ ምላሴ መለየት አቃተው፤ ወተት ተጉመጥምጬ ቀጠልኩ። የተጠራጠርኩትን ሁሉ ነቀልኩ። መጨረሻ ላይ የእናቴን አምስት እግሮች፣ የቢጠናዎቹን፣ ግንዳቸው እንጨት የሆነውን፣ አንድ በአንድ ጎትቼ ነቀልኩ። ከንፈሬ አብጦ፣ ዓይኔ እየፈሰሰ፣ ክምሩን እንሰቱ ሥር ጎትቼ ስመለስ እናቴ ዱላዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

ባዶውን መሬት አየች። ለክርክር ተዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ ደሙ፣ ስለ ሚዛኑ፣ ስለ ሐኪሙ የምለውን ሁሉ አፌ ላይ ደርድሬያለሁ። እሷ ግን ፊቴን ተመለከተችና «ደክመሻል፤ ውሃ ጠጪ» አለችኝ። ተመልሳ ገባች።

ስለ በርበሬ ዳግመኛ አላነሳችም። ከተረፉት እግሮች እየለቀምኩ፣ አሁን እያንዳንዱን ፍሬ ቀድሜ እየቀመስኩ፣ ዳጣዬን ሠራሁላት። ቀድሜ መቅመሴን ታያለች። ትበላለች። ጥሩ ነው ትላለች።

ኅዳር ላይ ሐኪሙ እንደገና ለብቻዬ ጠራኝ። ከእንግዲህ የምትፈልገውን ትብላ፣ አይከልክሏት፣ የሚያመጣው ለውጥ የለም አለኝ። የሚያማትን የሚያስታግስ መድኃኒት ጨመረላት። ውጭ አግዳሚው ላይ ምን አለሽ ስትለኝ በደንብ ትብላ አለ አልኳት። ውሸት አልነበረም። ያን ጊዜ ሁለት ወር ቀርቷት ነበር።

ቅዳሜ ገበያ ሄድኩ። ከቆላ የመጣ እርጥብ በርበሬ በሸራ ላይ መደብ መደብ ተደርጎ ተደርድሯል፤ አንዷን ፍሬ አንስቼ ግንጯን ሰብሬ አሸተትኳት። እናቴ ከሩቅ በጠረኗ ብቻ የምታውቃት ዓይነት ነበረች። ሻጯ ስንት መደብ ላንሳልሽ አለችኝ። ያንን በርበሬ ይዤላት ብገባ፣ ፈጭቼ ባቀርብላት፣ እናቴ በጣቷ ጫፍ ትነካና ያኔውኑ ትረዳለች፤ ልጇ እንደተወቻት፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ፣ ሁሉንም። በአፌ ልነግራት ያልቻልኩትን በሳህን ልነግራት ነው። ፍሬዋን ቦታዋ መለስኳት። ሽንኩርትና ጎደሬ ገዝቼ ወደ ቤት ሄድኩ።

ከሰዓት ከግቢው የቀሩትን የማያቃጥሉትን ጠበስኩ፣ ላጥኩ፣ ፈጨሁ። ጎደሬውን ከወትሮው ይልቅ በወተት አለሰለስኩት። ትራሷን አስደግፌ አቀረብኩላት። ጣቷን ነክራ ቀመሰች፤ ከዚያ ቀና ብላ ለረዥም ጊዜ አየችኝ። እኔ ማንኪያውን አስተካክላለሁ፣ የሌለ ፍርፋሪ ከብርድ ልብሱ ላይ አነሳለሁ። በላች። እያንዳንዷ ጉርሻ ስትወርድ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ እስክታልፍ ትጠብቃለች፣ ከዚያ እንደገና ትነክራለች። ሳህኑ ውስጥ ምንም አላስቀረችም።

«ጥሩ ነው» አለችኝ።

የምትበላው ለእኔ እንደሆነ አውቅ ነበር። እያወቅኩ ሳህኑን ተቀብያት ጨመርኩላት።